ዘጠኝ ጊዜ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ይመደብልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ ሳታሳጥሩ እንድታትሙልኝ እለምናለሁ። በጅማ ከተማ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። 31 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የዕድር ጸሐፊ ሥራ ምን እንደሆነ አንባቢ አያጣውም። ወርኃዊውን መዋጮ መሰብሰብ፣ ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር መመለሱን መከታተል ነው። ሰው ሲሞት ደግሞ በትልቁ መዝገብ ላይ የሟቹን ስም፣ ያረፈበትን ቀን፣ ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብና የሞቱን ምክንያት እጽፋለሁ። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ስለ መጨረሻው ዓምድ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ዓምድ ላይ በእጄ የጻፍኩት አንድ መስመር አለ፤ «በድንገተኛ ሕመም» ይላል። ሟቹ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ድንገተኛ ሕመም አልነበረም፤ ራሱን አጥፍቶ ነው የሞተው። የቀብሩ ዕለት እናቱ ከለቀስተኛው መሃል ወደ ጓዳ ስባ አስገብታኝ፣ ሁለት እጄን ይዛ «እትዬ፣ እባክሽ እንደዚያ ብለሽ አትጻፊብኝ» አለችኝ። ፍትሐት ይከለከልበታል ብላ ፈርታለች። የዕድራችን ደንብም ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተሰብ ገንዘብ አይከፈልም ይል ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የሰው አፍ ፈርታለች። የጠየቀችኝን ጻፍኩላት። ዛሬም ብትለምነኝ እምቢ አልላትም።

ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ የሐሰት መስመር አይደለም። ልጁ ከመሞቱ አምስት ሳምንት በፊት ሞክሮ፣ ሆስፒታል ገብቶ፣ ተርፎ ነበር። ሲወጣ እኛ ጎረቤቶቹ ብርቱካን ይዘን ሄደን «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለን፣ ቡና ጠጥተን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከጤና ተቋም የመጣ ሰው አልነበረም። እኔም አስተማሪው፣ ከቤታቸው ሦስት በር ብቻ ርቄ የምኖረው፣ ሁለተኛ አልሄድኩም። ነገሩን ማንሣት ቁስል መነካካት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነገሩ በራሴ ቤት ገባ። የምጽፈው ልጄ ፈቅዶልኝ ነው። ይህን ረቂቅ አንብቦታል፤ አንድ ቦታም አስተካክሎልኛል።

ልጄ የሚሠራው በሌላ ከተማ ነበር። ለምን እንደዚያ አደረገ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አንድ ምክንያት ነጥዬ ልነግራችሁ አልችልም። ሥራው ቆሞ ነበር፣ ዕዳ ነበረበት፣ እንቅልፍ ካጣ ወራት አልፈውት ነበር። ድባቴ የሚባለው ሕመም እንደያዘው የተነገረን በኋላ ነው። እንዴት እንደሞከረ አልጽፍም፤ ማወቁ ማንንም አይጠቅምም። በዚያ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሐኪሞች ሕይወቱን አትርፈውልኛል፤ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱን። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ስምና «ከአንድ ወር በኋላ ይመለስ» የሚል ነበረበት። ሌሊት ምን ልጠብቅ? ክፉ ቀን ቢመጣ ማንን ልጥራ? ብዬ የጠየቅኳት ነርስ ትከሻዬን ይዛ «አይዞሽ እናቴ፣ ጸልዪ» አለችኝ። ከልቧ ነበር። ከዚያ ሌላ የምትሰጠኝ ነገር በእጇ አልነበረም።

አውቶቡሱ የጊቤን ሸለቆ ሲወርድ የልጄን እጅ እንደያዝኩ ነበር። 27 ዓመቱ ነው፤ እንደ ሕፃን እጁን ይዤው ጅማ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች በሩ አጠገብ ፍራሽ ዘርግቼ አሳለፍኩ። ጎረቤት ሲመጣ «ወባ ነው» እል ነበር። በእኛ አገር ወባ የማይታመን ምክንያት አይደለም።

ከመጣን በአሥራ አንደኛው ቀን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለወትሮ ሥራዋ መጣች። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህ ፕሮግራም በገጠር በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ ከተማ የገባ ነው። በየቀበሌው የተመደቡ ሴቶች ቤት ለቤት ዞረው ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወባ ያስተምራሉ። በከተማ የተመደቡት በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው። የእኛዋ ባለሙያ ከሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የማትበልጥ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የጅማን ጭቃ የተሸከመ ልጅ ነበረች። ቅጽዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠየቀችኝ። አጎበሩ ተንጠልጥሏል? አዎ። መጸዳጃ ቤቱ እጅ መታጠቢያ አለው? አዎ። በቤቱ የታመመ ሰው አለ?

«የለም» አልኳት። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ነበር።

ደብተሯን ዘግታ፣ አመስግናኝ፣ እስከ በሩ ሄደች። ከዚያ ቆመች። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያኖርኩትን የመድኃኒት ከረጢት አይታ ኖሯል። ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ይህ መድኃኒት የማን ነው?» አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን ያላለቀስኩትን እዚያው አለቀስኩት።

ልጄን ለማነጋገር ስትገባ ያለችውን እስካሁን አስታውሳለሁ። ስለ ሕመሙ አልጠየቀችውም። ከመጋረጃው ወዲህ ቆማ በአፋን ኦሮሞ «አከም ጅርታ?» አለችው። እዚህ ጅማ ቀኑን ሙሉ የምንባባለው ሰላምታ ነው፤ ቃል በቃል ግን «እንዴት አለህ?» ማለት ነው፤ መኖርህን መጠየቅ ነው። ልጄ ረዘም ያለ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጅራ» አላት። አለሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ተመለሰች። ከዚያም በሌላው ዓርብ። እኔ በዚያ ሰሞን ቡና በሰፌድ እየለቀምኩ ነበር፤ ጎማ ወረዳ የሚኖር ዘመዴ የላከልኝ ነው። እርሷም ሰፌዱን ከእኔ ተቀብላ ከልጄ ጋር መልቀም ጀመረች። ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ወደ አንድ ወገን፣ ድንጋዩን ወደ ሌላ ወገን እየለዩ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ያወሩ ነበር። ዓይን ለዓይን ቢተያዩ ልጄ አይናገርም ነበር። በሦስተኛው ዓርብ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር «በዚህ ሳምንት ራስህን ስለ መጉዳት አስበሃል?» ብላ ጠየቀችው። ልቤ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። ሐሳቡን መልሳ ልታስገባበት ነው ብዬ ልቆጣት ወጣሁ። እርሷ ግን ስትሄድ ደጅ ድረስ ሸኝቻት ነገረችኝ፦ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚያወጣው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚያስተምረው ይህንኑ እንደሆነ ኋላ አንብቤ አረጋግጫለሁ። ልጄ ደግሞ ከወራት በኋላ «በቀጥታ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት፤ ሁላችሁም የምታወሩኝ ስለ ምሳ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለ ምሳ ነበር የማወራው።

መድኃኒቱን እኔ ዘንድ አስቀምጬ የዕለቱን ብቻ እንድሰጠው ያስተማረችኝ እርሷ ናት። የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ክሊኒክ ይዛን ሄዳ ወረፋ የያዘችልን እርሷ ናት። ክፉ ሐሳብ በሚመጣበት ሰዓት የሚደውልላቸውን የሦስት ሰዎች ስም በወረቀት አጽፋው ኪሱ ውስጥ ያስቀመጠችው እርሷ ናት። ልጄ ዛሬ አለ። ሥራ ጀምሯል፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ አንዳንድ ሳምንት ይከብደዋል፣ አንዳንዱ ይቀለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ቅጽዋን አሳየችኝ። አጎበር የራሱ ሣጥን አለው፣ ክትባት የራሱ ሣጥን አለው። ለልጄ ያደረገችው ጉብኝት ሁሉ ግን የሚሰፍርበት ቦታ አልነበረውም። «የጤና ትምህርት» በሚለው ሥር አንድ ጭረት እያደረገች ታልፈው ነበር። የቀጠሮውን ቀን የምትጽፈው ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ነበር። በምሳ ሰዓቷ ነው የምትመጣው፤ የስልኩ ካርድ ከራሷ ኪስ ነው። በሰባተኛው ወር ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረች። የተተካችው ልጅ ትሑትና ታታሪ ናት፤ መጥታ ስለ አጎበር ጠየቀችኝ። ስለ ልጄ ምንም አታውቅም ነበር። እንዴት ልታውቅ? የተጻፈ ነገር የለማ።

የልጄን ሕይወት የያዘው የአንዲት ልጅ ደግነት ነው። ያንን ወጣት ያጣነው ደግሞ እንደዚህ ያለች ልጅ በዚያ በር ስላላለፈች ነው ብዬ አምናለሁ። የአንድ አገር ሥራ በዕድል ላይ ሊቆም አይገባውም።

የቀድሞ ተማሪዬ የሆነ አንድ ነርስ ይህን ሁሉ ስነግረው አንድ ጥናት አትሞ አመጣልኝ፤ መስመር በመስመርም ተረጎመልኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ ነው። በብራዚል ካምፒናስ፣ በሕንድ ቼናይ፣ በስሪላንካ ኮሎምቦ፣ በኢራን ካራጅና በቻይና ዩንቼንግ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 1,867 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ እንደ ተለመደው ታክመው ወጡ። ሌሎቹን ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ያህል አነጋገራቸው፤ ከወጡ በኋላም በስልክ ወይም በአካል ዘጠኝ ጊዜ ተጠየቁ። በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ እንደ ተለመደው ከታከሙት 2.2 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን አጥፍተው ሞቱ። ከተጠየቁት መካከል የሞቱት 0.2 በመቶ ነበሩ።

ያንን ገጽ ይዤ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ያ ወጣት የሞተው በአምስተኛው ሳምንት ነው። በዚህ ሰሌዳ ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስት ጊዜ በራቸው ተንኳኩቶ ነበር።

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም። አንዳንድ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ሲያስብ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ቤት ለቤት የሚሄድ የሠለጠነ ሰው ማጣት ነው። እኛ ያ ሰው አለን! የእያንዳንዱን ቤት በር ታውቃለች፤ ውሻው የቱ ቤት እንደሚናከስ ሳይቀር ታውቃለች። የጎደለው ሆስፒታሉ ሲያሰናብት ለሚኖርበት ቀበሌ ጤና ጣቢያ የሚያሳውቅበት መንገድና፣ በቤተሰቡ ፎልደር (የጤና ማኅደር) ውስጥ ዘጠኝ ሣጥን ያለው አንድ ገጽ ነው። የቤተሰቡ ምሥጢር የሚጠበቅበት ሥርዓትም አብሮ ይምጣ። ወረቀቱ በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚታይ ከሆነ ማንም እናት በሯን አትከፍትም፤ እኔም አልከፍትም ነበር። ባለሙያዎቹም በምሳ ሰዓታቸው የሚሠሩት ተጨማሪ ሸክም መሆን የለበትም። የሥራ ሰዓት፣ የስልክ ካርድ፣ ሥልጠና፣ ሲከብዳቸው ደግሞ እነርሱን የሚያዳምጥ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋቸዋል። ያቺ ልጅ ከእኛ ቤት ወጥታ ወዴት ሄዳ ታለቅስ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

መንግሥት ምንም አልሠራም እያልኩ አይደለም። አገራችን በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥታለች፤ የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ የሚለው ሐሳብ በዚያ ውስጥ ያለ ነው፤ ትክክለኛ ሐሳብም ነው። የወንጀል ሕጋችንም ሌላውን ወደዚህ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ይቀጣል እንጂ የሞከረውን ሰው ወንጀለኛ አያደርግም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጋና ሙከራን ከወንጀልነት ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ስለማያውቅ ፖሊስ ይመጣብኛል ብሎ ሕመምተኛውን ይደብቃል። ቢያንስ ይህን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መለጠፍ ይቻላል።

የዓለም ራስን የማጥፋት መከላከያ ቀን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም 10 በፈረንጆች አቆጣጠር ይከበራል። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ብዙውን ጊዜ የዓመት መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። ባለፈው ጳጉሜን በከተማችን አዳራሽ በነበረው ስብሰባ የዕድር ተወካይ ሆኜ ተገኝቼ ነበር። በዓለም በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች በዚህ እንደሚሞቱ፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ ሰማን። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር በአደባባይ ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አመሰገንኩ። ስወጣ ግን መርካቶው በበግና በቄጠማ ተጨናንቆ ነበር። በዚያ ሕዝብ መሃል ብቸኝነት የሚያንገበግበውን ሰው አሰብኩ። ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ቀን፣ ቤቱ ለጨለመበት ሰው ከሁሉ የከፋ ቀን ነው። የስብሰባው ባነር በማግሥቱ ወረደ።

በመንግሥት ቁርጠኝነት ነገሩ እንደሚቀነስ ማስረጃ አለ። ጃፓን ከ1998 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ከ30,000 በላይ ሰው ታጣ ነበር። በ2006 ሕግ አወጡ፤ በ2016 ሕጉን አሻሽለው እያንዳንዱ ከተማና መንደር ሳይቀር የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ አዘዙ። በ2019 ቁጥሩ ወደ 20,000 ገደማ ወርዶ ነበር። ወጣቶቻቸውን በሚመለከት ግን ዛሬም አልተሳካላቸውም። ስሪላንካ ደግሞ እጅግ አደገኛ የሆኑ የግብርና ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣች። ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ራስን የማጥፋት ምጣኔያቸው በ70 በመቶ ቀነሰ። በቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥን ብቻ የሞከረው ጥናት ግን ለውጥ አላሳየም። ለውጥ ያመጣው የመንግሥት ክልከላ ነው። ጅማ የገበሬ አገር ናት፤ የሚመለከታቸው የግብርናና የጤና ኃላፊዎች ይህን አንድ ላይ ተቀምጠው ሊያዩት ይገባል። ብዙ ሰው ሐሳቡ የሚጸናበት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ያችን ሰዓት ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ይኖራል።

የእኛን ድርሻ ደግሞ ልናገር፤ መንግሥትን ብቻ ጠይቄ ብቀመጥ አላመንኩበትም። ባለፈው ታኅሣሥ በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥቼ፣ መዝገቡ ላይ ሐሰት እንደጻፍኩ በአባላቱ ፊት ተናገርኩ። የማንን ስም እንደሆነ አልተናገርኩም። ከዚያ ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተሰብ ገንዘብ አይከፈልም የሚለው አንቀጽ ይሰረዝ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጉባኤው ተንጫጫ። ሃይማኖት ያነሡ ነበሩ፤ ልማድ ያነሡ ነበሩ። ዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው፤ የተጋበዙት ቄስና ሼህ ፍርዱ የፈጣሪ እንደሆነ፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት ግን የሁላችንም ግዴታ እንደሆነ በየተራ ተናገሩ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። አንቀጹን ይከላከሉለታል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ያንን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ፈርቶ ይተወዋል ብዬ ነበር። ፈርቶ የተወ አላየሁም፤ የፈሩት እናቶች ብቻ ናቸው» ብለው ተቀመጡ። እጅ ተቆጠረ። አንቀጹን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን አንድ ሰው ሞክሮ ተርፎ ወደ ሰፈር ሲመለስና ቤተሰቡ ሲፈቅድ፣ ሁለት ሴቶች በየሳምንቱ እንዲሄዱ መድበናል። ብርቱካን ይዞ አንዴ ሄዶ መመለስ ቀርቷል። እኛ ግን ባለሙያ አይደለንም፤ መቼ ሐኪም እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ የሚያሠለጥን ነው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለውም እዚያ የቆየ መለያ ነው፤ ተማሪዎቹ ነጭ ጋውን ለብሰው በየሰፈራችን መጠይቅ ይዘው ሲዞሩ አድገናል። ጉድጓዳችንን ቆጥረዋል፣ ውኃችንን ቀድተው መርምረዋል። እስኪ ደግሞ ከሆስፒታል ተርፈው ስለሚመለሱት ሰዎች ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር ሆነው አንድ ቀበሌ ላይ ይሞክሩት። ዘጠኝ ጉብኝት በአንድ ቀበሌ፣ ለአንድ ዓመት ተኩል። የሚሠራ ከሆነ በቁጥር ይታያል፤ የሚከብድ ነገር ካለም የት ላይ እንደሚከብድ ይታወቃል።

እናንተም አዘጋጆቹ ድርሻ አላችሁ። በቅርቡ አንድ የኅትመት ውጤት ስለ አንድ ወጣት ሞት ሲዘግብ ቦታውን፣ ሁኔታውን፣ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ከፎቶግራፍ ጋር አወጣው። ልጄ ያንን ካነበበ በኋላ ሁለት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። የኦስትሪያዋ ቪየና ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ1987 እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለመተው በተስማሙ ጊዜ፣ ይጽፉበት በነበረው ስፍራ የሚደርሰው ሞት በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። እንዴት እንደሞተ መጻፍ ትታችሁ፣ እርዳታ የት እንደሚገኝና ሞክረው የተረፉ ሰዎች እንዴት እንደኖሩ ጻፉልን። የሚያነበው ሰው ማን እንደሆነ አታውቁም።

ይህን ጋዜጣ ይዞ ከእኔ ልጅ ጋር በአንድ ሐሳብ ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ እባክህ ልጄ፣ እባክሽ ልጄ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለእናት፣ ለጓደኛ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለአባ፣ ለሼህ፣ ለማንም። ልጃችሁ ዝም ያለባችሁ እናቶችም ስለ ምሳ ብቻ አታውሩት። በቀጥታ ጠይቁት።

ልጄ ያስተካከለልኝን ቦታ ነግሬያችሁ ላብቃ። በረቂቁ ላይ «ልጄ ድኗል» ብዬ ጽፌ ነበር። እስክሪብቶ አንሥቶ ሰረዘውና «ልጄ ዛሬ አለ» ብሎ ጻፈበት። እንዳለ ተውኩት።

ዘጠኝ ሣጥን ያለውን ገጽ በማስመሪያ አስምሬ፣ ሳምንታቱንና ወራቱን በላዩ ላይ ጽፌ ባለፈው ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያችን ወስጃለሁ። የተቀበለችኝ ልጅ አገላብጣ አየችው፤ ለኃላፊዋ እንደምታሳይ ነግራኝ ማኅደሯ ውስጥ አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ መምህርት፣ ጅማ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ)